ባቡሩ ለምን ቆመ?

 

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ የልጅ መጫወቻ ባቡር ነው። ርእሱ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ ያንሳል የሚል ይኖር ይሆናል። ጌታችን ግን ስለ እርሾ፣ ስለ ጠፋች አንዲት ድሪም፣ በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ እራፊ ጨርቅ አስተምሯል። የቤት ውስጥ ትንሽ ዕቃ የመንግሥቱን ነገር ለመናገር አላነሰበትም። እኛም፣ በፓዌ የምናገለግል ባልና ሚስት፣ ባለፈው ክረምት አንድ የፕላስቲክ ባቡር ስንፈታና ስንገጥም ያየነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ፓዌን ለማታውቁ ጥቂት እንበል። ፓዌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በበለስ ሸለቆ ያለች ቆላ ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ቤተ ሰቦች በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ወደዚህ መጡ። መንደሮቹ በቁጥር ተጠሩ፤ እስከ ዛሬም ሰው ሰፈሩን ሲናገር ቁጥር ይጠራል። በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ የጣና በለስ ፕሮጀክት መጣ፤ ሆስፒታል ተሠራ፣ እርሻውም በትራክተር ሆነ። በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፣ የማሽን እርሻውም አብሮ ቆመ። ሰዎቹ ግን ቀሩ። ወልደው፣ ቀብረው፣ ማንጎ ተክለው፣ በብዙ ቋንቋ እየጸለዩ እዚሁ አሉ። እንግዲህ የቆመ ነገርና ከቆመ በኋላ የሚሆነው ነገር ለፓዌ ሰው እንግዳ አይደለም።

ባቡር ግን በፓዌ ኖሮ አያውቅም። ትልልቆቹ "ባቡር" ሲሉ ብዙ ጊዜ የእህል ወፍጮ ማለታቸው ነው፤ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ለእነርሱ "የምድር ባቡር" ነው። ልጁ ባቡሩን ታቅፎ ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኙት አንዲት የወሎ እናት "ባቡር ነው" ሲላቸው "ታዲያ እህሉን በየት በኩል ነው የምትጨምርበት?" ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

የባቡሩ ባለቤት የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ባቡሩን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ያመጣለት እርሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. በመተከል የሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝርዝሩን እዚህ አንጽፍም። አባትየው ከዚያ ጊዜ አልተረፈም። እናትየው ልጇን አዝላ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ከሌላ ወረዳ ወደ ፓዌ መጣች። በፌስታሉ ውስጥ የሕፃኑ ልብስ፣ አንድ ነጠላና ባቡሩ ነበሩ።

ባቡሩ ለአራት ዓመት ያህል ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ቆመ። ልጁ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይዞልን መጣና በሁለት እጁ ሰጠን። "አባባ፣ ሞቷል እንዴ?" አለ።

እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"መቆሙን ነው ያየነው፤ ለምን እንደ ቆመ እስቲ አብረን እንይ" አልነው።

በዚያ የነበሩ አንድ ወንድም በቅንነት "ለምን አዲስ አንገዛለትም? ከቤተ ክርስቲያን መባ ላይ ሊሆን ይችላል" አሉ። ልባቸው መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ልጁ ግን የሚፈልገው አባቱ በእጁ ነክቶ ያስቀመጠለትን ያንኑን ነው። ስለዚህ ባቡሩን ወስደን በምግብ ጠረጴዛችን ጫፍ ላይ አኖርነው፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ሲወጣ በየቀኑ እየመጣ አጠገባችን ተቀመጠ።

1. ከቀላሉ መጀመር

አባቶቻችን "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላሉ። አንድ መጫወቻ ሲቆም ብዙ ሰው "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብሎ ይፈርዳል። ሞተር ግን በጣም የሚከብደውና ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ተጠያቂ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ኃይሉ ነው።

ባቡሩ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ነው። አዲስ ድንጋይ ገዝተን ከተትን። ዝም አለ። ማቀፊያውን በብርሃን ስናየው ድንጋዩን የምትገፋው ጥቅል ሽቦ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ያለቀ ድንጋይ ሳይወጣ ብዙ ከቆየ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣና ብረቱን ይበላል። ኃይል አለ፤ መተላለፊያው ግን ተዘግቷል። ሽቦዋን በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቅናት፣ በሎሚ ጭማቂ በነከረ ጥጥ፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግናት፣ አደረቅናት። ድንጋዮቹን መልሰን ስንከት ሞተሩ ጮኸ። ልጁም አብሮ ጮኸ።

ኤልያስ በበረሃ ከአንዲት ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር ያደረገለትን አስታውሱ (1ኛ ነገሥት 19)። ለነቢዩ ተግሣጽ አልመጣለትም፤ ስለ እምነቱ ጉድለትም ክርክር አልተነሣም። መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ደግሞ ተቀሰቀሰና ሁለተኛ በላ። የኮሬቡ ቃል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈጣሪያችን እኛን ስለሚያውቀን ከቀላሉ ጀመረ።

እኛ ያለንበት ምድር የወባ ምድር ነው። አንዲት እህት "መጸለይ አቅቶኛል፣ ቃሉን ስከፍት ፊደሉ ይጠፋብኛል፣ ምን እርኩስ መንፈስ ያዘኝ?" ብላ መጥታ ነበር። እጇን ስንይዛት እንደ እሳት ይፋጃል። ጸለይንላት፤ በዚያው ሰዓትም ሰው አስከትለን ወደ ጤና ጣቢያ ላክናት። ወባ ነበር። መድኃኒቷን ጨርሳ በሦስተኛው ሳምንት እየዘመረች መጣች። ወገኖች ሆይ፣ ወባን አጋንንት ማለት ለመንፈሳዊነት ምልክት አይሆንም። የራበውን ማብላት፣ ያልተኛውን ማስተኛት፣ የታመመውን ማሳከም የመንፈስ ሥራ ነው፤ መልአኩ ለኤልያስ ያደረገው ይህን ነውና።

2. ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ሲቆም

የልጁ ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማዎቹ አይዞሩም። የመጀመሪያው ብልሽት ሁለተኛውን ሸፍኖት ኖሯል። ጥገና የሚያውቁ ሰዎች ይህን ይለምዱታል፤ አንዱን ስታስተካክል ከኋላው የነበረው ይገለጣል።

ካቻቢቴ አምጥተን ሆዱን ፈታነው። (ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ የሚሉት ቃላት ጣሊያንኛ ናቸው፤ ሰዎቹ ሄዱ፣ የመሣሪያዎቹ ስም በአፋችን ቀረ።) በጎማዎቹ ዘንግ ላይ ክርና ፀጉር ተጠምጥሟል፤ በመርፌና በፒንሳ አንድ በአንድ ለቀምነው። አሁንም ጎማው አልዞረም። ጆሯችንን አስጠግተን ስናዳምጥ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ አለ። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የጤፍ ጭብጦ የማታክል አንዲት የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ የሞተሩን ጉልበት ለትልቁ ጥርስ፣ ከትልቁም ለጎማው የምታስተላልፈው እርሷ ናት። ከጎኗ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረባት። ዘንጉ በውስጧ ይዞራል፤ እርሷ ግን አብራው አትዞርም።

ይህች ጥርስ የተሰነጠቀችው ባቡሩ ወድቆ አይደለም። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ በብረቱ ዘንግ ላይ በግድ ተጨንቃ ነው የተገጠመችው፤ ካልጠበቀች አትይዝምና። ዕድሜዋን ሁሉ ተወጥራ ትኖራለች። ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ይደክምና ይሰነጠቃል። ማጣበቂያም አይረዳትም፤ ውጥረቱ አለና ያው ስንጥቅ እንደ ገና ይከፈታል።

ይህን ለልጁ ስናስረዳው እናቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ልጁ ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ በቀስታ እንዲህ አለችን፦ "ፓስተር፣ እኔም እንደዚያች ነኝ። እዘምራለሁ፣ እጾማለሁ፣ ቡና አፍልቼ ሰው እጠራለሁ። ይቅር በይ ሲባል ግን ውስጤ ብቻውን ይዞራል እንጂ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።"

ይህች እህት በጉባኤያችን ከሚበረቱት አንዷ ናት። ማንም "ደክማለች" ብሎ አይጠረጥራትም፤ ድምፅዋ ከመዘምራኑ በላይ ይሰማል። የተሰነጠቀችው በአንድ ቀን ኃጢአት አይደለም። ተወጥራ ኖራለች። ልጅ ለማሳደግ፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል፣ በሰው ፊት ላለማልቀስ አራት ዓመት ሙሉ ተጨንቃ ይዛ ኖራለች። እንዲህ ያለውን ሰው "በርቺ፣ አጥብቀሽ ያዢ" ማለት በተሰነጠቀች ጥርስ ላይ ሞተሩን ማፍጠን ነው። እኛ በዚያ ቀን ምንም ምክር አልሰጠናትም። ተቀመጥን፣ አብረናት አለቀስን።

3. የሚመሳሰል ሁሉ አይገጥምም

ጥርሷ መለወጥ አለባት። በሱቅ ግን ለብቻዋ አትሸጥም።

መለዋወጫ ማጣት የእኛ መጫወቻ ብቻ ችግር አይደለም። በአዲስ አበባ በ2015 እ.ኤ.አ. 41 ባቡሮች ይዞ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት እንደ ቆሙ በዜና ሰምተናል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር ደግሞ በድሬዳዋ ትልቅ ወርክሾፕ ነበረው፤ የዚያ ባለሙያዎች ያጡትን ዕቃ ራሳቸው እየቀረጹ አሮጌዎቹን ባቡሮች ያስኬዱ ነበር። ከባለሙያነቱ ጋር ትዕግሥት ያስፈልጋል። ልክ መውሰድም ያስፈልጋል። የአሮጌው መስመር ሐዲድ በመካከሉ ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም ባቡር ናቸው፣ አሮጌው ወደ ጅቡቲ ይወስድ ነበር፣ አዲሱም ይወስዳል፤ የአንዱ ባቡር ግን በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም።

በፓዌ ሞባይልና ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። በትንሿ ሱቁ ውስጥ አንድ ሣጥን ሙሉ የሞተ ዲቪዲ ማጫወቻ፣ የተሰበረ የመጫወቻ መኪና፣ ሽቦና ጥርስ አለው። የተሰነጠቀችዋን ስናሳየው ቆጠራት፤ 10 ጥርስ አላት፤ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻ አንዷን አወጣ። በዓይን ሲያይዋት ያችው ናት። በብርሃን ይዞ ሲቆጥር 12 ሆነች፤ ጥርሶቿም ደቃቅ ናቸው። "ፓስተር፣ ይህችን በግድ ብናስገባት ለአንድ ቀን ትሄድ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ትልቁን ጥርስ ትበላዋለች። ሌላ ልፈልግላችሁ" አለን።

ይህን ቃል ብዙ አሰብንበት። የኢዮብ ወዳጆች የተናገሩት ብዙው ለብቻው ሲነበብ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ለኢዮብ ቁስል የተለካ አልነበረም፤ በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው። እኛም የአንዱን ሰው ምስክርነት ወስደን በሌላው ሐዘን ላይ በግድ እንገጥማለን፤ "እገሌ በአንድ ሌሊት ይቅር አለ፤ አንተስ?" እንላለን። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 እግዚአብሔር እያንዳንዱን ብልት እንደ ወደደ በአካሉ ውስጥ እንዳስቀመጠው ያስተምራል። የልኩ ባለቤት እርሱ ነው። እኛ መቁጠር፣ ማዳመጥ፣ መጠበቅ ይገባናል።

4. መለዋወጫው የነበረው በማን ዘንድ ነው?

አሁን ወደ ከባዱ እንመጣለን። ወጣቱ የሚናገረው ቋንቋ የልጁ እናት በዚያ ክፉ ሌሊት ከውጭ የሰማችው ቋንቋ ነው። ወጣቱ በማንም ላይ እጁን አላነሣም፤ እርሱም ራሱ በዚያው ዘመን ታላቅ ወንድሙን ቀብሯል። ግን ጆሮ ቋንቋን ሲሰማ ሰውን ከሰው አይለይም።

ይህን ልንሸሽጋት እንችል ነበር። ባቡሩን ሠርተን "ተገኘ" ብንላት አትጠይቅም። ሆኖም በማታውቀው ነገር የተገኘ ሰላም ሰላም እንዳልሆነ ተስማማንና እውነቱን ነገርናት፦ "የምትገጥመው ጥርስ ልትገኝ የምትችለው በእርሱ ሣጥን ውስጥ ነው። ካልወደድሽው ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው እንልካለን፤ ጊዜ ይወስድ እንጂ ይገኛል። ምንም ብትዪ አንቀየምሽም።"

ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ልጇን ይዛ፣ ማንም ሳይሸኛት፣ ራሷ ወደ ሱቁ ሄደች።

የሆነውን በኋላ ወጣቱ ነው የነገረን። በር ላይ ቆመች፤ አልገባችም። እርሱ የተቀመጠበትን በርጩማ አውጥቶ ሰጣትና ቆሞ ሠራ። ከአንድ የመጫወቻ መኪና ሆድ ውስጥ ባለ 10 ጥርሷን አገኘ፤ አሮጌዋን በጥንቃቄ ስቦ አወጣ፣ አዲሷን ቀስ አድርጎ በዘንጉ ላይ ገፋት። እናትየው ያን ጊዜ ሁሉ እጆቹን ታይ ነበር። ባቡሩ በጠረጴዛው ላይ ሄደና ልጁ ተቀበለው። ገንዘብ ስትሰጠው "ከልጅ አልቀበልም" አለ። ስትሄድ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አለችው።

"ወንድሜ" በአገራችን ለማንም የሚባል ቃል ነው። እርሷ ግን ከዚያ ወገን ለሆነ ሰው ይህን ቃል አራት ዓመት አላለችውም ነበር። ሁሉ ነገር ተፈውሷል አንልም፤ እርሷም አላለችም። ጳውሎስ በኤፌሶን 2 ክርስቶስ ራሱ ሰላማችን እንደ ሆነ፣ በመካከል ያለውን የጥል ግድግዳ በሥጋው እንዳፈረሰ ይናገራል። ግድግዳው በመስቀሉ ፈርሷል። በእኛ ዘንድ ግን ፍርስራሹን ተሻግሮ ለመሄድ እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀን እግዚአብሔር ለእርሷ ቤት የሚሆነውን ዕቃ ያስቀመጠው ልትሄድበት በማትወድደው ደጅ መሆኑ ነው።

5. መረብ፣ አጥንትና ሰው

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ግሪክኛ ስንማር ያገኘነው አንድ ቃል አለ፤ ካታርቲዞ ይባላል። ማርቆስ 1፥19 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ በታንኳ ሆነው መረባቸውን ሲያበጁ የተጻፈው ይህ ቃል ነው። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች የወለቀና የተሰበረ አጥንትን ወደ ስፍራው ለመመለስ ከዚሁ የወጣውን ቃል ይጠቀሙ ነበር። ጳውሎስም በገላትያ 6፥1 በደል ያገኘውን ሰው በየዋህነት መንፈስ እንድናቀና ሲያዝ የጻፈው ያንኑ ነው።

አንድ ቃል መረብን፣ አጥንትን፣ ሰውን ይዟል። ወጌሻ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥሩ ወጌሻ መጀመሪያ አይጎትትም። በጣቱ ይዳስሳል፤ ስብራቱ የት እንደ ጀመረ፣ የት እንደሚያበቃ ያገኛል። እያጫወተ፣ እየጠየቀ፣ ሕመምተኛው ሲዝናና ይመልሰዋል። ከዚያ ያስራል፤ እስኪጸናም ጊዜ ይሰጠዋል።

በኤፌሶን 4፥12 መጋቢዎችና አስተማሪዎች ቅዱሳንን ፍጹማን እንዲሆኑ ለማዘጋጀት እንደ ተሰጡ ሲነገር የተጠቀሰው ስምም ከዚህ ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ አገልግሎታችን በትልቁ ድምፅ የምንሰብከው ብቻ አይደለም፤ መዳሰስ፣ ልክ መውሰድ፣ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ይህም ለመጋቢ ብቻ የተተወ አይደለም። ገላትያ 6 "ወንድሞች" ብሎ ለሁላችሁም ነው የሚናገረው። ደግሞ አስተውሉ፦ ያ ወጣት የቤተ ክርስቲያናችን አባል አይደለም። እግዚአብሔር ግን በእጁ ተጠቀመ።

6. ያልተመለሰው ድምፅ

ጥርሷ ከገባች በኋላም ሁለት ነገር ቀረ። በአንዱ ጎማ ላይ የነበረችው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ጠፍታ ስለ ነበር ባቡሩ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀጭን ቀለበት ቆርጠን አለበስነው፤ ያዘ። ከሐዲዱም አንድ ጥምዝ ቁራጭ በስደቱ ጊዜ ጠፍቷል። አንድ አናጢ ወንድማችን ከሌላው ቁራጭ ላይ ልክ ወስዶ ከዋንዛ ቀረጸልን። ሌሎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ ይህ ቡናማ ነው። ባቡሩ ሲያልፍበት ድምፁ ይለወጣል። ቀለም እንቀባው ሲባል ልጁ እንቢ አለ። ጌታችንም ከሞት ከተነሣ በኋላ በክብር ሥጋው ላይ የችንካሩን ምልክት አልሸሸገም፤ ቶማስን ያሳመነው ያ ምልክት ነበር። የተጠገነ ሰው የተጠገነበትን ቦታ እንዲደብቅ አናስገድደው።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ባቡሩ ፊት "ጡ-ጡ" የሚል ድምፅ ነበረው። ድምፁ የሚወጣው በጥቁር ጠብታ ከተሸፈነች ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ወጣቱ በቴስተር ለክቶ "ይህች ሄዳለች፣ አትለወጥም" አለ። ለልጁ ቁርጡን ነገርነው። ጥቂት አሰበና "እሺ፣ ድምፁን እኔ እሆናለሁ" አለ። አሁን ባቡሩ ሲሄድ "ጡ-ጡ" የሚለው እርሱ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ዘመን ሁሉ ነገር በአንድ ጸሎት እንዲመለስ የሚያስተምር ብዙ ነው። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው የሚበቃ ጸጋ ነበር። በሮሜ 8 የመንፈስ በኵራት ያለን እኛ ራሳችን እንኳ የሰውነታችንን ቤዛነት እየተጠባበቅን እንደምንቃትት ይነግረናል። የልጁ አባት በጌታ ያንቀላፋ ወንድም ነው። ባቡሩ መሄዱ እርሱን አይመልሰውም። ተስፋችን ከጥገና ያለፈ ነው፤ ጌታ ሲመጣ በክርስቶስ የሞቱት እንደሚነሡ እናምናለን። እስከዚያ ግን እያለቀስን የምንጠግነው ብዙ ነገር አለ።

ጌታን እየፈለጋችሁ ለምታነብቡ ደግሞ አንድ ቃል አለን። በመዝገብ ማጥራት፣ በአዲስ ዓመት ውሳኔ፣ በጥሩ ምክር የሚስተካከሉ ብዙ ነገሮች አሉ። ልብን ግን እኛ አንለውጥም። በሕዝቅኤል 36 የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋን ልብ እንደሚሰጥ ተስፋ የገባው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ይህም በነጻ ነው፤ ዋጋውን ልጁ ኢየሱስ በመስቀል ከፍሏል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ለተኛው ሰው ያቀረበውን ጥያቄ ለእናንተም ያቀርባል፤ መዳን ትወድዳላችሁን?

በዚህ ሳምንት ለብቻችሁ ስትሆኑ እነዚህን አስቡባቸው፦

በአጠገባችሁ የቆመ ሰው አለ? ለምን እንደ ቆመ ጠይቃችሁታል ወይስ ፈርዳችሁበታል?

በትልቅ ድምፅ የምታገለግሉ፣ በውስጣችሁ ግን የተወጠራችሁ ከሆነ፣ ስንጥቁን የምታሳዩት አንድ ሰው አላችሁ?

እግዚአብሔር ለቁስላችሁ የሚሆነውን ነገር ልትሄዱበት በማትወድዱት ደጅ አስቀምጦ ይሆን?

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ሲደክመን እንጎቻና ውኃ ይዘህ የምትመጣ አምላክ ነህና እናመሰግንሃለን። በቸኮለ እጅ የሰበርናቸውን አንተ አቅናቸው። በመተከል ምድር፣ በአገራችንም ሁሉ፣ በሐዘን ለተወጠሩ እናቶችና አባት ለሌላቸው ልጆች ዕረፍት ስጥ። በየቋንቋው የሚያለቅሰውን ትሰማለህና ወንድማማች አድርገን። ልባችንን ለውጥ፤ በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።